ጃስ ያለ አብሮ ይሩጥ

ባለፈው ሚያዝያ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከአንድ ወዳጄ ጋር አልናብሩ ውስጥ በአልና ወንዝ ዳር በእግር እንሄድ ነበር። ኦስሎን የማያውቅ አንባቢ አልናብሩን እንደ መኖሪያ ሰፈር ባያስበው ይሻላል። የኖርዌይ ትልቁ የባቡር ጭነት ማራገፊያ እዚያ ነው፤ ቀንና ሌሊት ኮንቴይነር ይነሣል፣ ኮንቴይነር ይወርዳል። ዙሪያው መጋዘንና የጭነት መኪና ነው። እኔን ከመሰሉ ስደተኞች ብዙዎቹ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን የቆጠሩት እንደዚህ ባለ መጋዘን ሠርተው ነው። ከዚህ ሁሉ ብረት አጠገብ ግን ወንዙ አለ፤ በወንዙ ዳር የእግር መንገድ አለ፤ እሑድ እሑድ ሰው ውሻውን ይዞ ይወጣበታል።

ከፊታችን አንዲት አዛውንት ጃክ ራስል የሚባለውን ዘር ትንሽ ውሻ በገመድ ይዘው ይሄዱ ነበር። ከወዲያ በኩል አንድ ወጣት ጥጃ የሚያክል ውሻ ይዞ መጣ። ትንሹ ገና ሲያየው በኋላ እግሮቹ ቆመ፤ ገመዱ አንገቱን አንቆት ድምፁ እስኪሰነጠቅ ጮኸ። ትልቁ አንዴ ዞር ብሎ አየውና ሣር ማሽተቱን ቀጠለ። ወዳጄ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። እየሣቀ፣ ጮክ ብሎ፣ በአማርኛ «ጃስ! ጃስ!» አለው። አዛውንቷ ቃሉ አልገባቸውም፤ ሣቁን አይተው በትሕትና ፈገግ አሉለት።

ማታ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ወጣ። ከላዩ «ይህ ውሻ የሐበሻ ደም አለው!» የሚል ተጽፎበታል። ልቡና ሣቁ ተደረደረ። ከሣቂዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ፤ አልደብቅም። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ሣቅና ስለዚያች አንዲት ቃል ነው። ትንሽ እንስሳ ትልቁን ሲጋፈጥ እያየን የምናጨበጭብበት ልማድ የዋህ ጨዋታ አይደለም። የምናጨበጭብለት ነገር ድፍረት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ከጭብጨባው ጀርባ ያለው፣ ሌላውን ወደ አደጋ እየገፉ ራስን ከአጥር ውስጥ የማስቀመጥ ጠባይ ነው።

መጀመሪያ ከውሻው እንነሣ። ቪዲዮውን ድምፁን አጥፍቼ ደግሜ አየሁት። ጆሮው ወደ ኋላ ተለጥፏል። የዓይኑ ነጭ ይታያል። የኋላ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። ድምፁ ሲጠፋ ጀግናው ጠፋ፤ የቀረው የተጨነቀ እንስሳ ነው። ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ9,000 ውሾችን ጠባይ መርምረው ባወጡት ጥናት፣ ትንንሾቹ ውሾች በሰው ላይ ከትልልቆቹ ይበልጥ ቁጡ ሆነው ተገኝተዋል፤ ከቁጣ ጋር በብርቱ ተያይዞ የተገኘው ነገር ደግሞ ፍርሃት ነው። ሰው ሲቀርበው የሚፈራ ውሻ ጥጃ የሚያክል ውሻ ሲመጣበት ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅትም።

እ.ኤ.አ. በ2010 በቪየና የእንስሳት ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ከ1,200 በላይ የውሻ ባለቤቶች ተጠይቀው የተሠራ ሌላ ጥናት አለ። የትንንሽ ውሾች ባለቤቶች ለውሾቻቸው የሚሰጡት ትእዛዝ ወጥ አይደለም፤ ዛሬ የከለከሉትን ነገ ይፈቅዳሉ፤ ማሠልጠኑንም ችላ ይላሉ። ይህ የሚገርም አይደለም። ትልቅ ውሻ ሲቆጣ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል፤ ትንሽ ውሻ ሲቆጣ ጎረቤት ስልክ አውጥቶ ይቀርጻል። ስለዚህ ትንሹን ከፍርሃቱ የሚያላቅቀው ሰው የለም። ፍርሃቱ ለሌላው መዝናኛ ሆኗልና።

ገመዱም አለ። ያልታሰረ ውሻ ከእሱ የሚበልጥ ሲመጣበት ብዙ ምርጫ አለው፤ ዞሮ ያልፋል፣ ይሸሻል፣ መሬት እያሸተተ ያላየ ይመስላል። የታሰረ ውሻ መሸሽ ተወስዶበታል፤ የቀረው መጮህ ነው። ግን ያው ገመድ ሌላ ነገርም ያስተምረዋል፤ የቱንም ያህል ቢንጠራራ ከያዘው ሰው እጅ እንደማያልፍ ያውቃል። በአንድ ገመድ ፍርሃትም መተማመኛም ይሰጡታል። ከሁለቱ የሚወጣውን ጩኸት ነው እኛ «ወኔ» ያልነው።

የጃክ ራስል ነገር ደግሞ ከዚህም ይከፋል። ዘሩ ስሙን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ከነበሩት የቀበሮ አደን ወዳድ ቄስ ከጆን ራስል ነው። የተፈለገው ቀበሮ ጉድጓድ ድረስ ገብቶ የሚያስወጣ ትንሽ ውሻ ነበር። ወደኋላ የሚለው ተጣለ፣ ወደፊት የሚለው ተዳቀለ። አዳኙ ጉድጓዱ አፍ ላይ በፈረስ ሆኖ ይጠብቃል፤ ጨለማው ውስጥ የሚገባው ውሻው ነው። «ተፈጥሮው ደፋር ነው» የምንለው ለትውልዶች ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው የጠበቁ ሰዎች የሠሩት ነው።

ከእኛም ቤት ምሳሌ አለ። የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ትንሽ ውሻ ሉሉን የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። ፖላንዳዊው ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው መጽሐፉ፣ ሉሉ በመኳንንቱ ጫማ ላይ ትሸና እንደነበርና መኳንንቱም ንቅንቅ እንዳይሉ፣ ጫማውን በጨርቅ የሚጠርግ አገልጋይም እንደነበረ ጽፏል። መጽሐፉ እንደ ታሪክ ምስክርነት ብዙ ተተችቷል፤ ይህን ወሬ እንደ ተረት ውሰዱት ብል እስማማለሁ። ተረቱ ግን አንድ ነገር በትክክል አይቷል። በወንበር ፊት የሚንቀጠቀጡ ትልልቅ ሰዎች ጫማ ላይ የምትሸና ትንሽ ውሻ ደፋር ሆና አይደለም። ወንበሩ የማን እንደሆነ ስለሚታወቅ ነው።

«ታዲያ ደፋር ትንሽ እንስሳ የለም ልትለን ነው?» የሚለኝ ይኖራል። አለ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2014 በካሊፎርኒያዋ ቤከርስፊልድ ከተማ ታራ የምትባል የቤት ድመት፣ የአራት ዓመት ልጅ እግሩን ነክሶ የሚጎትት የጎረቤት ውሻ ላይ በሙሉ ሰውነቷ ተወርውራ አባርራዋለች። የቤቱ ካሜራ ቀርጾት ዓለም አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2006 በኒው ጀርሲ ጃክ የተባለ ሰባት ኪሎ ያህል የሚመዝን ድመት፣ ያውም ጥፍሮቹ የተነቀሉ፣ ግቢው የገባ ጥቁር ድብን ዛፍ ላይ አስወጥቶታል። እነዚህን ሳይ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ግን ልዩነቱን ተመልከቱ። ታራን «ጃስ» ያላት የለም። ጃክንም ማንም አልገፋው፤ እንዲያውም ባለቤቱ ወደ ቤት ስትጠራው ነው ድቡ ወርዶ ወደ ጫካ የሮጠው። ሁለቱም የጠበቁት በእጃቸው ያለውን፣ ቤታቸውንና የቤታቸውን ልጅ ነው። ለተመልካች ብለውም አላደረጉትም።

እዚሁ ኖርዌይ ውስጥ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር አለ፤ የኖርዌይ ግራጫው ኤልግሁንድ። ኤልግ ማለት ፈረስ የሚያክል፣ ትልቁ ወንድ ከ400 ኪሎ የሚያልፍ፣ በአንድ ርግጫ ውሻ የሚገድል የሰሜን ዱር እንስሳ ነው። ውሻው 20 ኪሎ ቢሆን ነው። በመከር የአደን ወቅት ይህ ውሻ ጫካ ውስጥ ኤልጉን አግኝቶ ያቆመዋል። እንዴት? አይነክሰውም። አይዘልበትም። ርቀቱን ጠብቆ፣ ወጣ ገባ እያለ፣ ባንድ ዓይነት ድምፅ ይጮሃል። ጩኸቱ ለአዳኙ «እዚህ ነን» ማለት ነው። አዳኞች የሚያከብሩት ይህንን ልክ ያወቀውን ነው። ያለ ልክ የሚጠጋ ውሻ ወይ ኤልጉን ያስበረግገዋል ወይ ሰኮና ሥር ይቀራል። ልክ የሌለውን ማንም «ጀግና» ብሎ አይጠራውም።

ይህንን ስሰማ ትዝ ያለኝ የአያቴ ውሻ ነው። ያደግኩት ከደብረ ታቦር ብዙ በማይርቅ ገጠር ነው። ውሻችን መቻል ይባላል። የገጠር ውሻ እንደምታውቁት ቀጭን ነው፤ ከ20 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። የሚጋፈጠው ጅብ ሦስት እጥፉን ሊመዝን ይችላል። በዐቢይ ጾም ሌሊቱ ይከፋ ነበር። ሥጋ የሚታረድበት ሲጠፋ ጅብ ወደ አህያ እንደሚዞር በቅርብ ዓመታት በትግራይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል፤ አያቴ ያለ ጥናት ያውቁታል፣ ጾም ሲገባ የበረቱን አጥር በእሾህ ያጠብቁ ነበር።

መቻል ጅብ ሲመጣ ወደ ጅቡ አይሮጥም። ጀርባውን ከአጥሩ አስጠግቶ፣ ባለበት ቆሞ ይጮሃል። እኛ እንነቃለን፤ አያቴ ችቦ ይዘው፣ አጎቶቼ ዱላ ይዘው ይወጣሉ፤ ጎረቤት ይጮሃል፤ ጅቡ ይሄዳል። ለዓመታት እንዲህ ነበር።

አንድ ሌሊት፣ የዘጠኝ ወይም የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ትልልቆቹ ከመውጣታቸው በፊት አጥሩ ሥር ደረስኩ። በእንጨቶቹ ክፍተት የጅቡን ዓይን አየሁ። ደስ አለኝ። «ጃስ!» አልኩት መቻልን። ዘወር ብሎ አየኝ። ደግሜ «ጃስ! ጃስ!» አልኩት። ቦታውን ለቆ ሄደ። ከአጥሩ በተነጠለበት ቅጽበት ሌላ ሁለተኛ ጅብ ከጎን መጣ። አያቴ ችቦውን ይዘው ሲደርሱ መቻል ጭኑ ተዘርጥፎ ወድቆ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

አያቴ አልመቱኝም። ሬሳውን ከቤቱ ማዶ ያለው ሸለቆ ድረስ ራሴ ጎትቼ እንድወስድ አዘዙኝ። ስመለስ በር ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝና «ጃስ ያለ አብሮ ይሮጣል፤ አንተ አጥር ውስጥ ነበርክ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። በቋንቋችን ማንም የማይጠይቀው፣ ማንም የማይበቀለው ደም «ደመ ከልብ» ይባላል፤ የውሻ ደም ማለት ነው። የቃሉ ክብደት የገባኝ ያን ቀን ነው። የመቻልን ደም የሚጠይቅ አልነበረም። ያፈሰሰው ጅብ ነው፤ ያስፈሰሰው ግን እኔ ነኝ።

አሁን ወደ «የሐበሻ ደም አለው» እንመለስ። ወዳጄ ይህን ሲጽፍ ያሰበው ዐድዋን እንደሆነ አልጠራጠርም። ትንሹ ትልቁን ጣለ የሚለውን ታሪክ። ይቅርታ ይደረግልኝና ታሪኩ እንዲያ አይደለም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በቁጥር ትንሹ እኛ አልነበርንም። የዐፄ ምኒልክ ጦር 100,000 ያህል ይገመታል፤ የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር 18,000 አይሞላም ነበር። እኛ ያሸነፍነው ገመድ እንደሚያንቀው ውሻ በመንጠራራት አይደለም። ለዓመታት ጠመንጃ ተገዝቷል፤ ከየአውራጃው ጦር ተከቷል፤ ስንቅ ተቆጥሯል። መቀሌ ላይ እቴጌ ጣይቱ ምሽጉን በጥይት ብቻ ከመምታት ይልቅ የውኃውን ምንጭ አስያዙበት። ይህ የአያቴ ዓይነት ድፍረት ነው። ጀርባን ከአጥር፣ ችቦን በእጅ፣ ጎረቤትን ከጎን።

በዚያ ጦርነት «ጃስ» የተባለ ትንሽ ጦር ነበር። የጣልያን ጦር ነበር። የሮማው ጠቅላይ ሚኒስትር ፍራንቼስኮ ክሪስፒ ከውጊያው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ለባራቲየሪ በላከው ቴሌግራም፣ የጦሩን መዘግየት እንደሚያመነምን በሽታ ቆጥሮ ተሳለቀበት። ባራቲየሪ ስንቁ እያለቀ፣ አዛዦቹ እየጎተጎቱት፣ የሮማ ስድብ ጆሮው ላይ እየጮኸ፣ በሌሊት ወደ ማያውቀው ተራራ ገባ። ከጣልያንና ከኤርትራ አስካሪ 6,000 ያህል ሰው በአንድ ቀን ሞተ። ከተማረኩት አስካሪዎች ብዙዎቹ ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን ተቆረጡ። ክሪስፒ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በ1901 እ.ኤ.አ. ኔፕልስ ውስጥ አርፎ ሞተ። ባሕር ማዶ ተቀምጦ በሽቦ «ጃስ» ያለ ሰው የከፈለው ይህችን ነው።

እንግዲህ በዓመት በዓመት የካቲት 23 ነጠላና ባንዲራ ለብሰን በኦስሎ አዳራሽ የምንሰበሰብ ሰዎች አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ከዐድዋ ታሪክ ውስጥ የኛ ቦታ የትኛው ነው? ምኒልክ ነን? ጣይቱ ነን? ወይስ ከሩቅ ቴሌግራም የሚልከው ሰውዬ?

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲያልቅ፣ ከዚያም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ደም ሲፈስ፣ ከውጭ የተሰማውን ድምፅ እናስታውሰው። የአንድን ወገን አልልም፤ ሁሉም ወገን ጃስ ባይ ነበረው፤ አሁንም አለው። ከመጋዘን ሥራ ወጥቶ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ በቀጥታ ሥርጭት «ግፋ! እንዳትመለስ!» የሚል። ድርድር የሚል ሲመጣ «ባንዳ» የሚል። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ መሣሪያ ይዞ ሲያይ «አንበሳዬ!» ብሎ ልብ የሚለጥፍ። ልጁ ሲሞት ደግሞ ሻማ የሚለጥፍ፣ በማግስቱ ሌላ አንበሳ የሚፈልግ። እነዚያን ልጆች ውሻ አላልኩም፤ እኛንም ውሻ አላልኩም። እኛ ገመድ ያዡ ነን። ከዚያም እንብሳለን፤ በእኛ እጅ ገመድም የለም፤ የምንለው ብቻ ነው ያለን።

አልናብሩ ይህን ነገር በራሱ መከራ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 2010 ከዚያ ማራገፊያ 16 ባዶ የጭነት ፉርጎዎች በስሕተት ተለቀቁ። ሾፌር የላቸውም፣ የሚገታቸው የለም። ቁልቁለቱን ይዘው፣ ፍጥነት እየጨመሩ፣ ከተማውን አቋርጠው ወደብ ድረስ ወረዱ። ሹርሶያ ላይ ሦስት ሰው ገደሉ። አልናብሩ ላይ የተጎዳ የለም። ያንን ባቡር ሐዲድ ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ይኸው ነው፤ እዚህ የሚለቀቅ ነገር የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው።

የኖርዌይ ሕግ በዚህ ከኛ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የውሻ ሕግ ከኤፕሪል 1 እስከ ኦገስት 20 ውሻ ሁሉ ታስሮ ወይም ታጥሮ እንዲያዝ ያዝዛል፤ ውሻው ጉዳት እንዳያደርስ የመጠንቀቅን ግዴታም የሚጥለው በያዡ ላይ ነው። ውሻ ፍርድ ቤት ቀርቦ «ጃስ ብሎኝ ነው» ሊል አይችልምና፣ ሕጉ ተጠያቂውን አስቀድሞ አውቆታል። ስለ ራሳችን የምንጽፈው ሕግ የለንም እንጂ ቢኖረን የመጀመሪያው አንቀጽ የአያቴ ቃል ይሆን ነበር።

«ዝም በሉ ልትለን ነው? አገራችን ናት፤ ወገናችን ሲሞት አንጩህ?» የሚለው ክርክር ይመጣል፤ ይገባልም። ዝም በሉ አልልም። መቻል ዝም ቢል ኖሮ በረታችን ባዶ ይቀር ነበር። ጩኸት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰው የሚቀሰቅስ ነው፤ ችቦ የሚያስወጣ፣ ጎረቤት የሚጠራ። የታሰረን ስሙን መጥራት፣ የሞተን ከየትኛውም ወገን ይሁን መቁጠር፣ ለተፈናቀለ እህል መላክ፣ የኖርዌይን መንግሥት ደጅ መጥናት የዚህ ዓይነት ጩኸት ነው። ሁለተኛው ከአጥር ውስጥ ሆኖ ሌላውን ወደ ጨለማው የሚገፋ ነው። ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ አይደለም። «ይህን የምለው ሰው ቢሰማኝ፣ ነገ የሚከፍለው ማነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። መልሱ «እኔ አይደለሁም» ከሆነ አፍን መያዝ ነው።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ነገርኩት። «ለአንዲት የውሻ ቪዲዮ ይህን ያህል?» ብሎ ሣቀ። እውነቱን ነው፤ ቪዲዮዋ ትንሽ ናት። ግን አንደበት የሚለምደው በትንሹ ነው። እኔም «ጃስ» ማለትን የተማርኩት በሰው ላይ አይደለም።

በቪዲዮው ውስጥ ማንም አስተያየት ያልሰጠበት የመጨረሻ ሦስት ሰከንድ አለ። ትልቁ ውሻ ካለፈ በኋላ አዛውንቷ ጎንበስ ብለው ትንሹን ያነሡታል። ደረታቸው ላይ አስጠግተው፣ በመዳፋቸው ዓይኑን ሸፍነው፣ ጆሮው ላይ አንድ ነገር ይሉታል። ውሻው መንቀጥቀጡን ያቆማል። ወዳጄ ያችን ክፍል እንዲቆርጣት አስቦ ነበር አሉ፤ ታዝላለች ብሎ።